የደንዲን ውሃ ነጥብ በነጥብ የሳልኩበት ጊዜ

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ልጆች የአንድ አሮጌ ካርታ ጽሑፍ አልነበብ ብሏቸው ጠሩኝ። ሄድኩ፣ አነበብኩላቸው፣ ሻይም ጋበዙኝ። አንደኛው ወጣት መሐንዲስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንዴ ምንጩን፣ አንዴ መንደሩን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ መስመሩ ብቻውን ተሰመረ፤ ርዝመቱም እስከ ሴንቲሜትር ተጽፎ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ እናንተ ይህን በምን ነበር የምትሠሩት?» አለኝ።

«መጀመሪያ በቀለምና በማስመሪያ፤ በኋላ እኛም በኮምፒውተር።»

«በየትኛው ሶፍትዌር?»

«ሶፍትዌሩ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

ሳቁብኝ። ሽማግሌው ጉራውን ነዛ ብለው ይሆናል። ጉራ አልነበረም፤ እንዲያውም ያ ሶፍትዌር አንድ ጨዋ ሰው ሊያሳስር ለጥቂት የቀረው ስለሆነ የሚያኮራ ነገር የለውም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ብቻዬን ሳቄ መጣ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት በካርታ ነዳፊነት የተቀጠርኩት ከአብዮቱ ወዲህ፣ ከተማችን ሀገረ ሕይወት መባሏ ቀርቶ አምቦ ወደሚለው ስሟ በተመለሰችበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም መሳል ሳይሆን መፋቅ ነበር። ብርሃን በሚያሳልፈው የካርታ ወረቀት ላይ በቀለም የተጻፈውን «ሀገረ ሕይወት» በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጌ እፍቃለሁ፣ የተፋቀውን በጥፍሬ አለሰልሳለሁ፣ ከዚያ «አምቦ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ምላጩ ትንሽ ከጠለቀ ወረቀቱ ይበሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አምቦን ሦስት ጊዜ በሳኋት።

አለቃዬና አስተማሪዬ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሱሪያቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት አጥፈው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሱሪያቸውን የሚያጥፉት ጭቃ ፈርተው ነው፤ ጭቃ የሚያገኛቸው ደግሞ የሚስሉትን መስመር ሁሉ አስቀድመው በእግራቸው ስለሚሄዱት ነው። ቦይም ይሁን የቧንቧ መስመር ወይም የእግር መንገድ፣ ሳይረግጡት በቀለም አይነኩትም። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ወንጪ፣ የተመደብንበት ሁሉ እሳቸው ፊት ፊት ሜትር ይዘው፣ እኔ ከኋላ ችካል ተሸክሜ ስንት ተራራ ወጣን! ቢሮ ተመልሰን ሲስሉ ደግሞ ትንፋሻቸውን እስከ መጨረሻው አውጥተው፣ ሳንባቸው ባዶ ሆኖ ነው ብዕሩን የሚያሳርፉት። ትንፋሽ ያለበት እጅ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። መስመሩ ረጅም ከሆነ ፊታቸው ይጠቁር ስለነበር እኔ በልቤ እጸልይላቸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሁሉን ከጨረሱ በኋላ የልብስ ስፌት ክር በምራቃቸው አርሰው በካርታው መስመር ላይ ያስተኙና መልሰው ቀጥ አድርገው ከማስመሪያ ጋር ያስተያዩታል። በእግር የለኩትና በክር የለኩት ካልተስማማ ካርታው ከቢሮ አይወጣም። ሥራ አስኪያጅ መጥቶ በራቸው ላይ ቢቆምም አይወጣም።

ሥራ አስኪያጆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ከአብዮቱ ሙቀት የተነሣ ወንዞችን ሁሉ በቀይ ካልሳላችሁ ብሎን ነበር፤ ጋሽ መኩሪያ ምንም ሳይሉ በቀይ ሥለው ሰጡት፤ ካርታው አዲስ አበባ ሲደርስ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች የአስፋልት መንገድ መስሏቸው ይህ መንገድ የት ነው ያለው ብለው ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም ነገር አላነሣም።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመት፣ በደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ ከአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ኮምፒውተር ተሰጠን። በላስቲክ ተጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ነጠላ ለብሳ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንደ ሙሽራ ስድስት ወር ተቀመጠች። እንግዳ ሲመጣ ነጠላው ይገለጣል፣ እንግዳው ያደንቃል፣ ነጠላው ይመለሳል። በመጨረሻ ውጭ አገር ተምራ የመጣች ሰናይት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ተመደበችልንና ነጠላውን አንሥታ ማብሪያውን ተጫነች።

የካርታ መሳያ ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር አልመጣም። ሰናይት ግን ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን፣ ሲ የሚባለውን ቋንቋ የያዙ ሁለት ዲስኮች ነበሯት። «ጋሽ አሰፋ፣ እርስዎ መሳል ይችላሉ፤ እኔ ቋንቋውን አሳይዎታለሁ፤ የቀረውን አብረን እንጨርሰዋለን» አለችኝ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። እምቢ እንዳልል አፈርኩ፤ እሺ እንዳልል ፈራሁ። እሺ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽኗ መስታወት ላይ የሚታየው ሁሉ ነጥብ ነው፤ በአግድም ስድስት መቶ አርባ፣ ወደ ታች አራት መቶ ሰማንያ። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። ማሽኗ ግን ነጥቦቹን አንድ በአንድ አታስቀምጥም፤ ስምንት ስምንቱን በአንድ ቤት አድርጋ ነው የምታኖራቸው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ለማብራት መጀመሪያ በየትኛው ረድፍ እንዳለ ታሰላለህ፣ ቀጥሎ ስንተኛው ቤት እንደሆነ፣ ከዚያ በቤቱ ውስጥ ከስምንቱ የትኛው እንደሆነ። እኔ ለዚህ ሥራ አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ጻፍኩና በላቲን ፊደል «ነጥብ» ብዬ ስም አወጣሁላት።

መጀመሪያ ላይ ነጥቤ ጨካኝ ነበረች። አንዷን ሳበራ በዚያ ቤት ያሉት ሰባት ጎረቤቶቿ ድርግም ይላሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኗ ተበላሽታለች ብዬ ስሟገት ሰናይት መጥታ አየችና ሳቀች። «አዲስ እንግዳ ሲመጣ የቤቱን ሰው አባረው ነው እንዴ የሚያስገቡት? ካሉት ላይ ይጨምሩት እንጂ!» አንዲት ምልክት ብቻ ለወጠችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ በሰላም መኖር ጀመሩ። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ «አ»ን ሥዬ የጠቆሩትን ካሬዎች ቆጥሬ አስገባኋቸው፤ የስሜ መጀመሪያ ፊደል መስታወቱ ላይ ወጣች። ባለቤቴን ቢሮ ድረስ ጠርቼ አሳየኋት። አይታ አይታ «ለዚህ ነው ምሳ የቀረኸው?» አለችኝ።

ነጥብ ከተገኘ መስመር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ስምንት ነጥብ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሦስት ብቻ ወደ ታች የሚወርድ መስመር የቱ ላይ ነው ደረጃውን የሚረግጠው? በካሬ ወረቀት ላይ እርሳስ ይዤ ሳምንት ፈጀሁበት። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ በሄድኩ ቁጥር ትንሽ የመውረድ ዕዳ ይጠራቀምብኛል፤ ዕዳው ግማሽ ነጥብ ሲያልፍ አንድ እወርድና የቀረውን ይዤ እቀጥላለሁ። ይህን ስጽፍ መስመሩ እንደ ጋሽ መኩሪያ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ተሰመረ። ትንፋሽም መያዝ አላስፈለገ።

ስህተቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ማሽኗ መስመሩን ስትሰምር የምታበራቸውን ነጥቦች እንድትቆጥር አደረግኳት። አንድ ነጥብ በመሬት ላይ አምስት ሜትር ከሆነ፣ የነጥቡን ብዛት በአምስት አባዝቶ ርዝመቱን መናገር ነው። ተራራ መውጣት ቀረ፣ ሜትር መጎተት ቀረ፣ የረጠበ ክርም ቀረ። እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነኝ አልኩ። ሰናይት ያኔ ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ ነበርና ተው የሚለኝ አልነበረም።

ከደንዲ ሐይቅ ሥር ያለች አንዲት መንደር ከተራራው ምንጭ በቧንቧ ውሃ እንዲወርድላት ተፈቀደ። ሴቶቹ እስከዚያ ድረስ ገደል ወርደው ከወንዝ ነበር የሚቀዱት። እኔ የምንጩንና የመንደሩን ቦታ ከአሮጌ ካርታ ላይ አንብቤ ቁጥሩን አስገባሁ። መስመሩ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ለጥግ ሰያፍ ወረደ፤ ሦስት መቶ ነጥብ፤ ስለዚህ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ባለ ስድስት ሜትር ቧንቧ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ፈረምኩበት፤ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወርቅነህም ፈረሙበት።

ቦዩን የሚቆፍሩት ገበሬዎቹ ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጉርሜሳ የሰጠኋቸውን ቁጥር ለመቶው አባወራ አካፈሉት፤ ለአንድ ቤት አሥራ አምስት ሜትር። በዚያች ልክ ገመድ ቆርጠው ለየቤቱ እየለኩ ሰጡ። ሁሉም ድርሻውን ቆፈረ። በሦስተኛው ሳምንት ኦቦ ጉርሜሳ በበቅሎ እስከ ጊንጪ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አምቦ መጥተው ቢሮዬ ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ» ብለው እንደ ወንድም ሰላምታ ሰጡኝና ተቀመጡ። «የሁሉም ቤት ድርሻ አልቋል። ቦዩ ግን ኮሶው ዛፍ ጋ ቆሟል፤ መንደር አልደረሰም። ገና ብዙ ይቀረዋል።»

«ገመዳችሁ ይሆናላ!» አልኳቸው። «ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ኦቦ ጉርሜሳ። ሰሞኑን ዝናብ ነበር።»

«ገመዱ የቆዳ ነው፤ ደረቅ ነው።»

«እንግዲህ ኮምፒውተር አይሳሳትም።»

ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መልሼ ነጠላ ያለበስኳትን ማሽን አዩ። «ኤዬ፣ እሺ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኛ ነና የተሳሳትነው።» ሄዱ። የቀረውን በደቦ ቆፍረው ጨረሱት። እኔ ደግሞ የገበሬ ገመድ እያልኩ ለባልደረቦቼ ወሬውን እያወራሁ ሳስቃቸው ሰነበትኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቧንቧው መጣ፤ ሁለት መቶ ሃምሳውን ኦቦ ጉርሜሳ ቆጥረው ተረክበው በማኅበሩ መጋዘን አስገቡ። የቧንቧ ሠራተኛችን ግማሹን እንደገጠመ ታሞ ተመለሰ፤ የቀረውን ገበሬዎቹ እሱ እንዳሳያቸው ራሳቸው እየገጠሙ አፈር አለበሱት። ቧንቧው ኮሶው ዛፍ ጋ ሲደርስ አለቀ። ከዚያ እስከ መንደሩ ባዶ ቦይ።

ጓድ ወርቅነህ ሪፖርቱ ሲደርሳቸው ካርታዬን አወጡ። ካርታው ሁለት መቶ ሃምሳ ቧንቧ መንደር ያደርሳል ይላል። ሁለት መቶ ሃምሳ ተሰጥቷል። መንደር አልደረሰም። ታዲያ የጎደለው የት ገባ? «ሊቀመንበሩ ሸጦታል!» አሉ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ማጉደል አሻጥር ይባል ነበር፤ አሻጥር የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ኦቦ ጉርሜሳ ለሰኞ አምቦ እንዲቀርቡ ተጠሩ። «አፈሩን ቆፍራችሁ ቁጠሩት» ብለው መልእክት ላኩ፤ ጓድ ወርቅነህ ግን መስመሩን ማፍረስ ሁለተኛ ጥፋት ነው ብለው መለሱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ከካርታው ጋር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ኦቦ ጉርሜሳን ላድን ብዬ አልነበረም የተቀመጥኩት፤ ሰኞ ስጠየቅ ደረቴን ነፍቼ ለመመለስ ካርታዬን እያሳመርኩ ነበር። እጄ ሥራ ሲፈታ ከመሳቢያዬ የስፌት ክር አወጣ። ምራቅ አስነካሁት፣ በሰያፉ መስመር ላይ አስተኛሁት፣ ቀጥ አድርጌ ከማስመሪያው ጋር አስተያየሁት። ክሩ ረዘመ። እንደገና ለካሁት፤ እንደገና ረዘመ። በትንሹም አይደለም፤ የአንድ ሺህ አምስት መቶው መስመር ከሁለት ሺህ አንድ መቶ በላይ ሆነ።

ባለ ካሬ ወረቀት አምጥቼ አየሁት። ነጥብ በካሬው ጎን ወደ ቀኝ ሲራመድ አንድ እርምጃ ነው። በጥግ በኩል ተንጋዶ ሲወርድም እኔ አንድ ብዬ ነው የምቆጥረው፤ ነገር ግን ጥግ ለጥግ ያለው መንገድ ወደ አንድ ተኩል ይጠጋል። መቶ ነጥብ አግድምና መቶ ነጥብ ሰያፍ በእኔ ቆጠራ እኩል ናቸው። የደንዲ መስመር ከላይ እስከ ታች ሰያፍ ነው። ቧንቧ የሰረቀ የለም፤ መቶ የሚያህል ቧንቧ የበላሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሰናይት የለችም፣ ጋሽ መኩሪያ የሉም፣ የነጥቡን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው አምቦ ውስጥ የለም። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ ነገርኳት። «ልብስህን ልተኩስልህ፤ ሰኞ ንጹሕ ሆነህ ትናገራለህ» አለችኝና ተነሣች።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ወርቅነህ፣ የአስተዳደር ኃላፊውና ኦቦ ጉርሜሳ ባሉበት «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። አልገባቸውም። ስለዚህ ማሽኗን ከፍቼ ሁለት መስመር ሰመርኩ፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሰያፍ። ሁለቱም ሥር «ሁለት መቶ» ተብሎ ተጻፈ። ኦቦ ጉርሜሳ ተነሥተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙና በአግድሙ ላይ ለኩት፤ ያንኑ ክር ሰያፉ ላይ አስቀመጡት። አልደረሰም። ዞር ብለው አዩኝ።

«እንግዲህ ይኼ ሳጥን» አሉ፣ «ሰያፍ የሚሄድ ሰው አይደክመውም ነው የሚለው?»

የአስተዳደር ኃላፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። ጓድ ወርቅነህ ግን ካርታውን ያገላብጡ ጀመር፤ ከፊርማዬ ጎን የራሳቸውን ፊርማ እያዩ እንደነበር አሁንም አልጠራጠርም። በመጨረሻ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት፣ ለመንደሩ ደግሞ ትክክለኛው ልክ ሲቀርብ ተጨማሪ ቧንቧ እንዲጠየቅ ወሰኑ። ኦቦ ጉርሜሳን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅር አሉኝ ለማለት ይከብደኛል።

«እኔን ተወኝ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «ወሬው ከእኔ በፊት ቤቴ ገብቷል። ሚስቴ ጫልቱ ሌባ አግብታለች ተብላ ገበያ መውጣት ትታለች። እኔ ብነግራት ባሏ ነኝ፤ ሰው አያምንላትም። አንተ ራስህ ንገራት፤ ሰውም ይስማ።»

በማግሥቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ኮሶው ዛፍ ሥር፣ ቧንቧው ባለቀበት፣ የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። በኦሮምኛ ተናገርኩ። ቧንቧ የጎደለ የለም፣ የሰረቀ የለም፣ ስትቆፍሩ ትክክል ነበራችሁ፣ ገመዳችሁም ትክክል ነበር፣ የሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ረጅም ሴት ወጣች፤ አዴ ጫልቱ ናት።

«የማሽኑ ሰውዬ አንተ ነህ?»

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ።»

«በል ና።»

ውሃው ከሚወርድበት ከቧንቧው ጫፍ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልታ በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። መንደር አድርሰው አለችኝ። ያኔም ቢሆን የቢሮ ሰው ነበርኩ፤ ወገቤ ጎበጠ። ሜትሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ «እሱን መልሰው፤ የአንተን ልኬት አይተነዋል» አለችና ከኋላዬ ተከትላ ጮክ ብላ እርምጃዬን መቁጠር ጀመረች። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ተከተለን። ግማሽ መንገድ ላይ ጀሪካኑን ላሳርፍ ብል «ካረፍክ ከቶኮ ነው የምጀምረው» አለችኝ። አላረፍኩም። ከቤቷ ደጃፍ ስደርስ «ስምንት መቶ አርባ» ብላ ቆመች። «ይኼን ጻፍ።»

እርምጃዬ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሦስት ሩብ ሜትር፣ ማለትም ሰባ አምስት ሴንቲሜትር ነው። ስምንት መቶ አርባውን በዚያ አባዝቼ ለስድስት ሳካፍል መቶ አምስት ቧንቧ መጣ። ጻፍኩት፤ ፈረምኩበት። ቧንቧው ክረምት ሳይገባ መጣ፣ ተገጠመ፣ ውሃው ከአዴ ጫልቱ ደጅ አጠገብ ፈሰሰ። ለምረቃው ጠሩኝና ሄድኩ። አንድ ቧንቧ ተርፎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«አዴ ጫልቱ፣ አንድ ተርፏል፤ ቆጠራሽ ትንሽ ስቷል ማለት ነው» አልኳት እየሳቅኩ።

«እኔ አልሳትኩም» አለችኝ። «መጨረሻው ላይ እርምጃህ አጥሮ ነበር።»